ሥራ ሲጠፋ ፊልም ሠራሁ

ለሰው ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ለመሥራት ያላንኳኳሁት በር የለም። «እንደውልልሃለን» ይሉኛል። ማን ሊደውል! አንድ ማታ ስለ ቪሻል ባርድዋጅ ሳነብ ግን ነገሩ በራልኝ። ሰውዬው ስመ ጥር የሂንዲ ፊልም ዳይሬክተር ነው። መነሻው ግን ዜማ ነው። ወደ ዳይሬክተርነት የገባው የዜማ ሥራ እንዳያጣ ብሎ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ሳቄ መጣ። በበነጋታው ስክሪፕት መጻፍ ጀመርኩ።

የሱም መንገድ ጠመዝማዛ ነው። በወጣትነቱ ልቡ ክሪኬት ላይ ነበር፤ ጉዳት ደርሶበት ቀረ። ደልሂ ሲማር የኋላ ባለቤቱን፣ ዘፋኟን ሬካን አገኘ። ከገጣሚውና ዳይሬክተሩ ጉልዛር ጋር ተዋወቀና እ.ኤ.አ. በ1996 ለጉልዛር ፊልም ለ«ማቺስ» ዜማ ሠራ። ስሙ የወጣው ያኔ ነው። በ2002 «ማክዲ» የተባለውን የልጆች ፊልም ራሱ ዳይሬክት አደረገ። ከዚያ ሼክስፒርን ወደ ሕንድ አመጣው። «ማክቤዝ» በ2003 «ማቅቡል» ሆነ፣ «ኦቴሎ» በ2006 «ኦምካራ»፣ «ሃምሌት» በ2014 «ሃይደር»።

እኔን የገደለኝ «ማቅቡል» ነው። የሼክስፒር ጠንቋዮች እዚያ ጉቦ የለመዱ ሁለት ፖሊሶች ናቸው። የሙምባይ ማፍያ መሀል ተቀምጠው ኮከብ ይቆጥራሉ! እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው አርፎ አይቀመጥም።

የኔ ፊልም 14 ደቂቃ ነው። በሁለት ቀን እናቴ ቤት ቀረጽነው። አንዲት ልጅ ቡና እየቆላች ለእናቷ ከሀገር ልትወጣ እንደሆነ ትናገራለች። ኤዲት ካለቀ በኋላ ኪቦርዴ ላይ ቁጭ አልኩና ቫዮሊን በቫዮሊን አደረግኩት። ሲያልቅ እንባዬ መጣ። በራሴ ሙዚቃ!

ለእማዬ አሳየኋት።

«ምን አለቻት?» አለች።

«ልሄድ ነው አለቻት።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አሁንስ ምን አለቻት?»

ሦስተኛው ላይ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ጥፋቴ ሁለት ነበር። አንደኛው የቅደም ተከተል ነው። በሂንዲ ፊልም ዘፈኑ ብዙ ጊዜ ከቀረጻው በፊት ይቀዳል፤ ቦታው ላይ ይከፈትና ተዋናዮቹ በሱ ይሄዳሉ። እኔ ግን ሙዚቃዬን መጨረሻ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ጣልኩበት። ሁለተኛው ይብሳል። ዳይሬክተሩም እኔ፣ ሙዚቀኛውም እኔ፤ ታዲያ «በዛ፣ ቀንስ» የሚለኝ ማን ነው? ቪሻል ሁሉንም ብቻውን የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ግጥሙን ለዓመታት ጉልዛር ጻፈለት፣ ሬካ ትዘፍንለታለች፣ የ«ሃይደር»ን ስክሪፕት ደግሞ ከካሽሚሩ ጋዜጠኛ ከባሻራት ፒር ጋር ነው የጻፈው።

እኔም ድምፅ የሚሠራ ጓደኛዬን ጠራሁ። አፉ ክፉ ነው፤ የፈለግኩትም እሱን ነበር። ቫዮሊኑን አንድ ባንድ ሲያጠፋው ጥርሴን ነክሼ አየሁ። ከሥር ምን ወጣ መሰላችሁ? የቡናው መንጣጣት። ለካ ትዕይንቱ ቀድሞውንም የራሱ ምት ነበረው።

የቡናዋን ትዕይንት ደግመን ቀረጽናት። በዚህኛው ዙር አጭር የክራር ዜማ አስቀድሜ ሠርቼ በስልኬ ይዤ ሄድኩ። ካሜራው ሳይነሳ ለተዋናይዋ ሁለቴ ከፈትኩላት፣ ከዚያ አጠፋሁት። እጇ ግን ምጣዱ ላይ በዜማው መሄዱን ቀጠለ። ፊልሙ ውስጥ ክራሩ የሚሰማው እናትየው ዝም ስትል ነው፤ 40 ሴኮንድ ብቻ።

እማዬ እንደገና አየችው። አሁንም አንዴ «ምን አለች?» ብላለች። ይቺኛዋ ግን የኔ ጥፋት አይደለችም፤ ልጅቷ ስታወራ በእርግጥም ታንሾካሹካለች።