ሳልዘጋጅ አታንሺኝ

መጋቢት 19፣ ባሕር ዳር

ዛሬ ወሰንኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐሳቤን ሲከፍለው የሰነበተ ነገር ነው። ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ደብተሬን አወጣሁ።

ነገሩ የካሜራ ነው። ዕቁብ ወጣልኝ። ያንኑ ሰሞን ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች ለሽያጭ መጡልኝ። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ሶኒ አርኤክስ 100 ማርክ 3 ነው፤ ኪስ የሚገባ ኮምፓክት። ሌላኛው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሶኒ ኤ 6000 ነው፤ ሌንሱ የሚቀያየር ሚረርለስ። ባልደረባዬ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ማንሳት ስለጀመረ ከፍ ያለ ገዝቷል። ሁለቱም ካሜራዎች በፈረንጆቹ 2014 የወጡ ናቸው። ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ባለቤቶች አንድ ዓይነት ቃል ተናገሩኝ፦ «ወስደሽ ሞክሪው፣ ከዚያ ትወስኛለሽ።» እንዲህ የሚያምኑኝ ሰዎች ስላሉኝ ደስ ይለኛል።

ካሜራ ለምን እንደፈለግሁ መጻፍ አለብኝ። አባቴ በ2011 ዓ.ም. ሲያርፍ ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ከቤት ጠፋ። ወንድሜ የቀበሌ መታወቂያውን ይዞ ፎቶ ቤት ሮጠ። አጉልተው አወጡለት። ፊቱ ደብዝዟል። ትከሻው ላይ የማኅተሙ ግማሽ ክብ አለ። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ከአባቴ ፊት ቀድሞ ማኅተሙ ላይ ያርፋል። እናቴ አሁን 71 ዓመቷ ነው። ሁለተኛ ማኅተም በዚያ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አልፈልግም።

በጥራት በኩል ሁለቱም አያሳፍሩም። ኮምፓክቱ 20፣ ሚረርለሱ 24 ሜጋፒክሰል ነው። ከሁለቱም የወጣ ፎቶ 30 በ45 ሳንቲ ሜትር ቢታተም ጥርት ይላል። ስለዚህ ሜጋፒክሰሉን ወዲያው ተውኩት።

የከበደኝ የብርሃኑ ጉዳይ ነበር። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር ሳላባዛ አላምንም። የኮምፓክቱ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። የሚረርለሱ 23.5 በ15.6 ነው። ሲባዛ የሚረርለሱ ሦስት እጥፍ ይሰፋል። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ሚረርለሱን ገዝቼ እገላገል ነበር። ብርሃን ግን የሚገባው በሌንስ በኩል ነው። የኮምፓክቱ ሌንስ ዙም ሳይደረግ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው። ከሚረርለሱ ጋር የሚመጣው 16-50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 3.5 ላይ ይቆማል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በዚህ ልዩነት ብቻ የኮምፓክቱ ሴንሰር በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ አራት እጥፍ ገደማ ብርሃን ያገኛል። አንዱ ጠባብ ማሳ ሆኖ ሰፊ ቦይ አለው። ሌላው ሰፊ ማሳ ሆኖ ቦዩ ቀጭን ነው። በድምሩ ማሳው ላይ የሚደርሰው ውሃ ያው ነው ማለት ይቻላል።

ይህን በዓይኔ ለማየት ቅዳሜ ሁለቱንም አንግቼ ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ዘጌ ሄድኩ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደቡ በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ ሽቅብ ወጥቼ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ደረስኩ። አባን አስፈቀድኩ። «ፍላሽ እንዳታበሪ ልጄ፣ ቀለሙን ይጎዳዋል» አሉኝ። ፍላሽ ያለ ፈቃድ እንዳይበራ ሁለቱንም ዘጋሁት።

ውስጡን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከውጭ ካለው ፀሐይ ሲገባ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቀስ እያለ ነው መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈኑት ሥዕሎች የሚወጡት። ቀዩ ይቀድማል፣ ከዚያ ቢጫው፣ በመጨረሻ ዓይኖቹ። በሩ ላይ ቆሜ በሁለቱም ካሜራ አንድ ዓይነት ሥዕል አነሳሁ። በአንድ ዓይነት የሹተር ፍጥነት ኮምፓክቱ አይኤስኦ (ብርሃን ሲያንስ ምስሉን የሚያደምቀው ቁጥር) 1600 ሲበቃው ሚረርለሱ 6400 ጠየቀ። ማታ ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ኖይዝ የሚሉት ነጠብጣብ በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ነው። የትኛው የየትኛው ካሜራ እንደሆነ ለወንድሜ ሳልነግረው ስድስት ፎቶ አሳየሁት። ሦስቱን ሳተ። ይህን ብዙ ሰው አያምነውም፤ ካሜራ ትልቅ ከሆነ በጨለማም የተሻለ ይመስለናል። አብሮት ከሚመጣው ዋናው ሌንስ ጋር ብቻ ከተገዛ ግን እንደዚያ አይደለም።

ከዚያ የዕለት ተዕለቱ መጣ። ኮምፓክቱ ባትሪውን ጨምሮ 290 ግራም ነው። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሚረርለሱ ከነሌንሱ 460 ነው፤ ኪስ አይገባም። እያንዳንዱን ለስድስት ቀን ያዝኩ። ኮምፓክቱን ስድስቱንም ቀን ይዤ ወጣሁ። ሚረርለሱን ሁለት ቀን ብቻ። አንድ ቀን ቦርሳዬ ሞልቶ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቀን ስንሄድ እንዳይመታ ፈርቼ ተውኩት።

ጠዋት ከሥራ በፊት በሐይቁ ዳር መሄድ እወዳለሁ። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡ ታንኳዎች አሉ። የተሠሩበት ደንገል ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ታንኳው ከውኃው ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ቀዛፊው ውኃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በኮምፓክቱ አንዱን አነሳሁት። አላየኝም። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋለ። በልቤ ኮምፓክቱን ገዝቼው ነበር ማለት እችላለሁ።

ያንኑ ቀን ማታ ቤት ስገባ እናቴ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች። ጾም ነው። የምሽቱ ብርሃን ሰፌዱ ላይ ወድቋል። ሻሿ ትንሽ ተንሸራቷል። ከበሩ ሆኜ ሳታየኝ አነሳኋት። ጣቶቿ፣ ምስሩ፣ ወርቃማው ብርሃን። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ይህ ነው አልኩ። ሮጬ አሳየኋት።

ዝም ብላ አየችው። ከዚያ፦

«አንቺ ልጅ፣ ይኼን ለማን ልታሳዪው ነው?»

«ለማንም። ለእኛው ነው እማ።»

«ነገ ዓይኔን ስከድን ይኼን ይዛችሁ ልትቆሙ ነው? ሻሼ ወርዶ፣ የማጀት ቀሚሴን ለብሼ?»

መልስ አጣሁ። እሷ ግን ቀጠለች። «ሳልዘጋጅ አታንሺኝ። ንገሪኝ፣ ልልበስ፣ ልቀመጥ። ከዚያ አንሺኝ።»

ፎቶውን ፊቷ ላይ አጠፋሁት። ማጥፋቱ አመመኝ። አሁንም ያመኛል። ግን ሌሊቱን ሳስበው እሷ ልክ ናት። ሰው ሳያውቅ የተነሳ ፎቶ እውነተኛው ነው የሚለውን ሐሳብ ከየት እንደለቀምኩት እንኳ አላውቅም። ለእናቴ ፎቶ ማለት ፎቶ ቤት ነው። ተበጥሮ፣ ነጠላ ተስተካክሎ፣ ቀና ተብሎ የሚገባበት። ሰው ለራሱ የሚሰጠው ክብር ነው። አባቴ ያን ዕድል አላገኘም። ቀዛፊውስ? ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሸሚዙን ያስተካክል ነበር። እኔ ኮምፓክቱን የወደድኩበት ዋናው ምክንያት ሰው እንዳያየኝ ስለሚያደርግ ነበር። እናቴ ደግሞ የምትፈልገው እንዳያት ብቻ አይደለም፤ እሷም እንድታየኝ ነው።

በማግስቱ ለባልደረባዬ ነገርኩት። ምንም ሳይናገር ከመሳቢያው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አውጥቶ ሰጠኝ። ኤፍ 1.8 ነው። ዙም የለውም። «ይኼን ሞክሪና ተመለሺ» አለኝ።

ማታ መብራት ጠፋ። ከመስኮት የሚገባ ትንሽ የምሽት ብርሃን ብቻ ነበር። ወንድሜን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። እዚህ ላይ ነው ሂሳቡ የተገለበጠው። ኮምፓክቱን ለፊት ፎቶ እንዲሆን እስከ ጫፉ ዙም ሳደርገው ቀዳዳው ወደ ኤፍ 2.8 ይጠባል። ሚረርለሱ ላይ ደግሞ 50ውን ስገጥም ሰፊው ማሳ አሁን ሰፊ ቦይ አገኘ። በድምሩ ሚረርለሱ ሰባት እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። የወንድሜ ዓይን ጥርት አለ። ከኋላው ያለው ቁም ሳጥንና የተሰቀለ ልብስ ሟሟ። እናቴ በስክሪኑ አየችውና «ይኼስ ፎቶ ነው» አለች። ለእኔ ያ ቃል በቂዬ ነበር።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ወፍ እወዳለሁ። ሐይቁ ዳር ያቺ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር አሳ አዳኝ አየር ላይ ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ፣ ከዚያ ቁልቁል ስትወረወር ማየት አይሰለቸኝም። በኮምፓክቱ ነጥብ ናት። በሚረርለሱም ከዋናው ሌንስ ጋር ነጥብ ናት። ግን ሩቁን የሚያቀርብ 55-210 ሌንስ ሊጨመርለት ይችላል። ኮምፓክቱ ምንም አይጨመርለትም።

አቧራም አለ። በጋ ላይ የኛን መንገድ የሚያውቅ ይረዳኛል። የኮምፓክቱ ሌንስ በበራ ቁጥር ወጣ ገባ ይላል። በዚያው አቧራ ይዞ ይገባል። ሴንሰሩ ላይ ከደረሰ መፍታት ግድ ነው፤ እዚህ የሚፈታልኝ ሰው አላውቅም። ሚረርለሱም ሌንስ ሲቀየር አቧራ ይገባዋል። ግን ሌንሱን ነቅዬ በላስቲክ መንፊያ እፍ ማለት እችላለሁ። ሌንሱ ቢበላሽም አካሉ ይተርፋል።

የማጣውን አውቃለሁ። አራት ቀን ቤት የቀረ ካሜራ ወደፊትም ብዙ ቀን ቤት ይቀራል። ለጠዋቱ ስልኬ ይበቃል፤ በደህና ብርሃን ስልክና ኮምፓክት ብዙም አይራራቁም። ብርሃን ሲደክም፣ ምሽት ላይ ያሉት ታንኳዎች ግን ያመልጡኛል። እነሱን ሳስብ ቅር ይለኛል።

ዛሬ ከሰዓት ሚረርለሱን ከነ50 ሌንሱ ወሰድኩ። 16-50ውም አብሮት አለ። የቀረውን ገንዘብ በሁለት ወር እንድከፍል ተስማማን። 55-210ው የሚቀጥለውን ዕቁብ ይጠብቃል። ኮምፓክቱን ለአክስቴ ልጅ ስመልስ አፍሬ ነበር፤ እሱ ግን «ገዢ አላጣም፣ አይዞሽ» አለኝ።

ቤት ስገባ እናቴ የአበሻ ቀሚሷን ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ፀሐይዋ በረንዳውን ሳትሞላው ብላ ቀጥራኛለች። ወንበሩን የት እንደምናስቀምጥም መርጣለች። አሁን ባትሪውን ቻርጅ ላይ ሰክቻለሁ። መብራት ቢጠፋ ብዬ ፓወር ባንኩንም ሞልቻለሁ።