ራኪምን ለምን አስቀድማለሁ

በሂፕሆፕ ታሪክ ታላቁ ራፐር ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከጓደኞቼ ጋር በተገናኘን ቁጥር ይነሣል፤ አንዱ ቱፓክን፣ ሌላው ጄይ ዚን፣ ሌላው ኤሚነምን ይጠራና ክርክሩ በዚያው ይቀራል። ስም ይጠራል እንጂ መለኪያው አይነገርም። በዚህ ሳምንት የዲጄው ኤሪክ ቢ እና የራፐሩ ራኪምን የመጀመሪያ አልበም ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ ሳዳምጥ ስለ ሰነበትሁ፣ የራሴን መለኪያ ቢያንስ ለራሴ በግልጽ ጽፌ ላስቀምጠው አሰብሁ። ታላቅ የምለው ራፐር፣ እርሱ ከተሰማ በኋላ ሌሎች ራፐሮች ትናንት ይጽፉ እንደ ነበረው መጻፍ የሚያፍሩበትን ሰው ነው።

ሽያጭን መለኪያ ማድረግ ቁጥሩ ስለሚታይ ይቀናል። ኤምሲ ሀመር እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው አልበም በአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ በሚያወጣው የቢልቦርድ ሠንጠረዥ አናት ላይ 21 ሳምንታት ተቀምጧል፣ በአሜሪካም ለ10 ሚሊዮን ቅጂ የሚሰጠውን ማዕረግ አግኝቷል። ሀመርን በመድረክ ሰውነቱ ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ሆኖም ስንኝ መቋጠርን ከእርሱ ተማርሁ የሚል ራፐር እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። የኤሪክ ቢ እና የራኪም አልበም ግን በ1987 ወጥቶ በዚያው ሠንጠረዥ ከ58ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ሁሉ ብዕር ያነሡ ወጣቶች ሲያጠኑት የኖሩት ግን እርሱን ነው።

ራኪም ምን እንደ ለወጠ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1973 ዲጄ ኩል ኸርክ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ድግሶቹን ሲጀምር፣ ማይክ የያዘው ሰው ዋና ሥራ የሚጨፍረውን ሕዝብ ማነቃቃት ነበር። ከዐሥር ዓመታት በኋላ እነ ረን ዲኤምሲ ሲመጡ ቃሉ ጠነከረ፣ ድምፁም ከከበሮው ጋር እኩል መምታት ቻለ፤ ይሁንና አብዛኛው ስንኝ ከአራተኛው ምት ጋር አብሮ ያልቃል፣ ቤት የሚመታውም እዚያው መጨረሻው ላይ ነው። አድማጩ ቤቱ የት እንደሚመታ አስቀድሞ ያውቃል። ያ አጻጻፍ የራሱ ኃይል አለው፣ ዛሬም ስሰማው ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን በዚያ ልክ የሚገባ ሐሳብ ሁልጊዜ አጭር ነው።

ራኪም በ1968 ተወልዶ በሎንግ አይላንድ፣ ዋያንዳንች በምትባል ከተማ ያደገ፣ በልጅነቱ ሳክስፎን የተጫወተ ልጅ ነው። ታዋቂዋ የአር ኤንድ ቢ ድምፃዊት ሩት ብራውን አክስቱ ናት። የጃዝ ተጫዋቹ የጆን ኮልትሬን ሳክስፎን ምን ያህል እንደ ቀረጸው ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል፤ እኔም ይህን ሳላውቅ አዳምጬው ቢሆን ኖሮ እንኳ ትንፋሹ የነፊ ትንፋሽ መሆኑ ይሰማኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1986 ከኤሪክ ቢ ጋር የሙዚቃ አቀናባሪው ማርሊ ማርል በኒው ዮርክ ኩዊንስብሪጅ ሰፈር ወዳለው የቤት ስቱዲዮ ሄዶ የመጀመሪያ ሥራውን ሲቀዳ ተቀምጦ፣ በዝቅተኛና በተረጋጋ ድምፅ ነበር የሚናገረው። ማርሊ ማርልና ራፐሩ ኤምሲ ሻን የለመዱት ጩኸትና ጉልበት ስለ ነበረ አነጋገሩ ቀዘቀዘባቸው፤ ሞቅ እንዲያደርገውም ነገሩት። የዐሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅ ግን በራሱ መንገድ ጸና። ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር የምደነቀው በድፍረቱ ብቻ አይደለም። ቢጮህ ኖሮ ያ አጻጻፍ አይሰማም ነበር፤ ቃላቱ ውስጥ ለውስጥ የተያያዙበትን መንገድ ጆሮ የሚከተለው ድምፁ ረጋ ሲል ነውና።

አጻጻፉስ ምን ነበር? አራት መስመር አራት አራት ምት ሲኖረው 16 ምት ይሆናል፤ ራኪም በወረቀት ላይ 16 ነጥቦችን እያስቀመጠ በነጥቦቹ መካከል ስንት ቃል፣ ስንት ድምፅ እንደሚገባ እያሰላ ይጽፍ እንደ ነበር ይናገራል። ስለዚህ ቤት የሚመታው መጨረሻው ላይ ብቻ ሳይሆን በስንኙ ወገብም ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር መስመሩን ጥሶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፣ ቆም የሚለውም ባልተጠበቀ ቦታ ነው። አንድ ቀለም ሳይሆን ሁለትና ሦስት ቀለማት ተከታትለው ቤት ይመታሉ። በግጥም ለተኮተኮተ ጆሮ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሐሳቡ ሳይጣመም፣ ሐረጉ ቤት ለመምታት ሲባል ሳይጎተት፣ ከበሮውም ሳይጠብቅ ይህን ሁሉ ማድረግ ብርቱ ሥራ ነው።

ከኩዊንስብሪጅ የወጣው ናስ በ1994 የመጀመሪያ አልበሙን በ20 ዓመቱ ሲያወጣ፣ ያን የውስጥ ቤት አመታት ወስዶ የሰፈሩን ሰዎች፣ ደረጃዎቹንና እስር ቤት ለገቡ ጓደኞቹ የሚጽፈውን ደብዳቤ አስገባበት። ራኪም መሣሪያውን ሠራ፣ ናስ ደግሞ በእርሱ ታሪክ መተረክ እንደሚቻል አሳየ፤ በ2004ም የራኪምን ሕይወት ከልደቱ ጀምሮ የሚተርክ ሙሉ ዘፈን ሠርቶለታል። ይህን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፦ ናስ ከሬጌ ድምፃዊው ዴሚያን ማርሊ ጋር በ2010 ባወጣው አልበም መክፈቻ ላይ የሚሰማው ሙዚቃ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። ሁለቱ ሰዎች ስንኝ በስንኝ እየተቀባበሉ በእኛ ቅኝት ላይ ሲሮጡ ስሰማ፣ ያ ከሎንግ አይላንድ የተነሣ ትንፋሽ የት የት እንደ ደረሰ ይታየኛል።

በዚህ መለኪያ ላይ የሚቀርብብኝ ከባዱ ተቃውሞ ቱፓክ ነው፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። ራኪም በብዙ ስንኞቹ የሚናገረው ስለ ራሱ ችሎታ ነው፤ ቱፓክ ግን ስለ እናቱ፣ ስለ ድህነት፣ ስለሚጠብቀው ሞት ተናገረ። በ1995 በእስር ላይ ሳለ አልበሙ የአንደኝነቱን ቦታ ያዘ፤ ለእናቱ የሠራው ዘፈንም በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከሚጠበቁ ቅጂዎች መካከል ገብቷል። በ25 ዓመቱ ባይገደል ኖሮ ምን ይሠራ እንደ ነበር ማሰብ ያሳምመኛል። እኔን የሚያስለቅሰኝ ቱፓክ ነው፣ ራኪም አስለቅሶኝ አያውቅም። ቢሆንም የቱፓክ ታላቅነት ከሰውነቱና ከድምፁ የማይለይ ስለ ሆነ፣ ሊወርሱት የሞከሩት ሁሉ ቁጣውን እንጂ ሌላውን ማግኘት አልቻሉም። የራኪም ግን ሊማሩት የሚቻል ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ሚዛኑን የማጋድለው በዚህ ምክንያት ነው።

በእነዚህ ክርክሮች ሴቶች ሳይጠሩ መቅረታቸው ያሳዝነኛል። ሮክሳን ሻንቴ በ1984፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በዚያው በማርሊ ማርል ቤት ለሌላ ቡድን ዘፈን በቃል የሰጠችው መልስ ራፐሮች በቅጂ እየተመላለሱ የሚፋለሙበትን ልማድ ካቀጣጠሉት ዋነኛው ነው። ሎሪን ሂል በ1998 ባወጣችው አልበም መዝፈንንና ራፕን በአንድ ጉሮሮ አዋሕዳ፣ ከእርሷ በኋላ የመጡት ሁለቱን ለይተው ማየት እንዳይችሉ አድርጋለች። በእኔ መለኪያ እርሷ ከብዙዎቹ ወንዶች ትቀድማለች፤ የብቻዋ የስቱዲዮ አልበም አንድ ብቻ መሆኑም ይህን አይቀንሰውም።

የሥራ ዘመን ርዝመትን መለኪያ ለሚያደርጉት ራኪም ብዙ አያመችም። ከኤሪክ ቢ ጋር አራት አልበም ሠርቶ ከ1992 በኋላ ተለያዩ፤ ከዶክተር ድሬ ጋር የጀመረውም አልበም ሳይወጣ ቀረ። ከ1996 ጀምሮ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በላይኛው እርከን የቆየውን ጄይ ዚን የሚያስቀድሙትን ሰዎች እረዳቸዋለሁ።

አሁን ያለሁት ኬንድሪክ ላማር ላይ ነው። በ2018 የፑሊትዘር ሽልማትን በሙዚቃ ያገኘ የመጀመሪያው ራፐር ሆኗል፤ እኔን የሚስበኝ ግን በአንድ ዘፈን ውስጥ ድምፁን እየለወጠ ሦስትና አራት ሰው ሆኖ መናገሩ ነው። ይህ ከእርሱ በፊትም ተሞክሯል፤ እንደ እርሱ አድርጎ አንድን አልበም በሙሉ በእነዚህ ድምፆች ላይ ያቆመ ግን ብዙ አላውቅም። አሁን ሃያ ዓመት የሞላቸው ልጆች በአንድ ድምፅ ብቻ መጻፍ ጠብቧቸው እንደሆነ ለማየት በየወሩ የሚወጡትን አዳዲስ ሥራዎች እየፈለግሁ አዳምጣለሁ፤ እስካሁን የሰማኋቸው አብዛኞቹ አነጋገሩን ይቀዳሉ እንጂ ገጸ ባሕርያቱን ገና አልደፈሯቸውም።