ሁለት ከረጢት ብር

የሶርያ ንጉሥ ሠራዊት አለቃ ንዕማን ወደ እስራኤል ሲመጣ 10 መክሊት ብር፣ 10 መለወጫ ልብስና ብዙ ወርቅ ይዞ ነበር። ከለምጹ ነጽቶ እጅ መንሻ ቢያቀርብ ነቢዩ ኤልሳዕ ‹‹ሕያው እግዚአብሔርን›› ብሎ ምሎ እንቢ አለ። ሎሌው ግያዝም ብዙ ሳይቆይ በዚያው ስም ማለ፤ እሱ ግን የማለው ንዕማን ጋ ሮጦ ደርሶ አንድ ነገር ሊቀበለው ነው (2ኛ ነገሥት 5)።

ግያዝ ለራሴ ስጠኝ አላለም። ይህ ነጥብ ቶሎ ይታለፋል፤ በሥራ ቦታ ስም የሚጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ነው። ‹‹ጌታዬ ልኮኛል፤ ከተራራማው ከኤፍሬም አገር ሁለት የነቢያት ልጆች መጥተዋል›› ብሎ 1 መክሊት ብርና 2 መለወጫ ልብስ ጠየቀ። ንዕማን ከሠረገላው ወርዶ ተቀበለው፤ ግድ ብሎም 2 መክሊት ሰጠው። አንዱ መክሊት በግምት 34 ኪሎ ነውና ብሩ በሁለት ከረጢት ታስሮ ለሁለት ሎሌዎች ማሸከም አስፈለገ። ኮረብታው ጋ ሲደርሱ ግያዝ ዕቃውን ተረክቦ ቤት አኖረ፤ ሰዎቹንም አሰናበተ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ገብቶ ጌታው ፊት ቆመ። ከወዴት መጣህ ቢባል መልሱ ‹‹ወዴትም አልሄድሁም›› ነበር።

በቅጣት የንዕማን ለምጽ የተረፈው ለግያዝና ለዘሩ ነው። የጎደፈው ስም ግን የእሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ብሩ የተጠየቀው በኤልሳዕ ስም ነውና። ያለ ዋጋ ተፈውሶ፣ ከእንግዲህ ለእግዚአብሔር ብቻ እሠዋለሁ ብሎ የሁለት በቅሎ ጭነት አፈር የለመነ አዲስ አማኝ ገና መንገድ ሳይጨርስ ሒሳብ ተጠየቀ። ዛሬም አንድ ሠራተኛ ‹‹ለአገልግሎት ነው›› እያለ ከደንበኛ ገንዘብ ሲቀበል፣ የሚከስረው እሱ ብቻ ሳይሆን ስሙን የተዋሰበት ሰው ሁሉ ነው።

ከጥፋት በኋላ ያለው መንገድ ዘኍልቍ 5፥7 ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ መናዘዝ፣ ዋናውን በሙሉ መመለስ፣ አምስተኛ እጅ መጨመር፣ ይህንንም ለተበደለው ሰው መስጠት። 100 የወሰደ 120 ይመልሳል ማለት ነው። ሰዎች የሚያበላሹት መጨረሻው ላይ ነው። ገንዘቡን በስውር ካዝና ውስጥ መልሶ መክተት ጥፋቱን አያርምም፤ በቆጠራ ቀን ትርፍ ሆኖ ይገኝና ምንም የማያውቀው ገንዘብ ያዥ ይጠየቅበታል። ‹‹ካጠፋሁ ይቅርታ›› ማለትም አይሠራም፤ መጀመሪያ ላይ ያለችው ‹‹ካ›› ይቅርታውን ታፈርሰዋለች። መጠኑንና ቀኑን መጥራት ያስፈልጋል። በጸሎት ቡድን ፊት አልቅሶ ለባለ ገንዘቡ ዝም ማለት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ የተበደለው ሰው እዚያ አልነበረምና።

መከላከሉ ይቀላል። በይሁዳ ንጉሥ በኢዮአስ 23ኛ ዓመት ካህናቱ የቤተ መቅደሱን ፍራሽ ሳይጠግኑ ሲገኙ፣ ካህኑ ዮዳሄ የሣጥን ክዳን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ በስተ ቀኝ አኖረ። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው ይቆጥሩታል (2ኛ ነገሥት 12)። ሁለት ሰው፣ ያውም ከሁለት ቤት። ለሠራተኞቹ የሚከፍሉትን ሰዎች ግን ማንም አይቆጣጠራቸውም ነበር፤ በታማኝነት ይሠሩ ነበርና። ጳውሎስም የአብያተ ክርስቲያናትን መዋጮ ሲያደርስ ብቻውን አልያዘም፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ ምክንያቱን ጽፏል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21)። ያመኑኝ ሰዎች ደረሰኝ አይጠይቁኝም የሚል ሰው ይህን ቢያነብ ደግ ነው።

ግያዝ ለመጨረሻ ጊዜ የሚታየው በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 8 ነው። ንጉሡ ኤልሳዕ ያደረገውን ታላቅ ነገር ንገረኝ ይለዋል፤ እሱም የሞተው ልጅ እንዴት እንደተነሣ ይተርክለታል። በቦታው ነበርና ያውቅበታል። የሚተርከው ሁሉ ግን የጌታውን ሥራ ነው።