ለጎረምሳ አውራ ዶሮ ካልቾ መፍትሔ አይደለም

ጫጩት ሲሸጡልን ስለ ክትባት ይነግሩናል፣ ስለ መኖ ይነግሩናል። ጎረምሳ አውራ ዶሮ አሳዳጊውን መውጋት ሲጀምር ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አይነግረንም። በጊዜው የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ጣጣ ይቀርልኝ ነበር።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ነው። የማረባው የሀበሻ ዶሮ ነው። ቤቱ፣ ቆጡ፣ ፉርሽካውና ገብሱ፣ የፈንግል ክትባቱ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ገብስማው አውራዬ ነው። እህት ወንድሞቹን ጭላት ጨርሷቸው ብቻውን ስለቀረ ቤት አስገብቼ ምድጃ ዳር አሳደግኩት። ከመዳፌ ገብስ ይለቅም ነበር፤ ጭኔ ላይ ይተኛ ነበር።

አራት ወር አልፎት መጮህ ሲጀምር ጠባዩ ተለወጠ። ሰው «ጠግቦ ነው» ይላል። ጥጋብ አይደለም። በዚህ ዕድሜ የወንድነት ሆርሞኑ ይነሳል፤ ሴቶቹን መጠበቅ፣ ተቀናቃኝ ማባረር ይጀምራል። ከእናቱና ከታላላቆቹ ጋር ያደገ ዶሮ በነሱ ተጠቅጥቆ ሥርዓት ይይዛል፤ ሰውንም ይፈራል። ገብስማው ግን ያደገው ከእኔ ጋር ነው። የሚገጥመውም እኔን ሆነ።

ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። ፊት ለፊት አይመጣም፤ በጎን ነው የሚመጣው። አንድ ክንፉን ጥሎ መሬት እያስጠረገ በግማሽ ክብ ይዞራል። የላባው ጫፍ ደረቁ መሬት ላይ ሲሄድ ሽርር ይላል። ከዚያ አጠገባችሁ አጎንብሶ አንድም ጥሬ የሌለበትን መሬት ይጠቀጥቃል። በአንድ ዓይኑ ግን ጫማችሁን ነው የሚያየው። ብዙ ሰው ጨዋታ ይመስለዋል። ለጠብ እየጋበዘ ነው። ቀጥሎ የአንገቱ ላባ ይቆማል፤ ከዚያ ዘሎ በሁለት እግሩ ይመታል።

መጀመሪያ ቦቴን ነበር የሚመታው። በኋላ ውኃ ልጨምርላቸው ጎንበስ ስል ባቴን ወጋኝ። ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ፎርም አወጣ። ዝርያው ምንድን ነው፣ ስንት እንቁላል ይጥላሉ፣ ተከትበዋል ወይ? «አውራው ይዋጋል» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። «እህቴ፣ ለእንቁላል አውራ አያስፈልግሽም። ለበዓል ሽጪው» አለኝ። እርግጥ ነው፣ ሴት ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች። እኔ ግን የማስታቅፈው እንቁላል ነው የምፈልገው። ጭላት ሲያንዣብብ ጮሆ ሴቶቹን አጥር ሥር የሚያስገባልኝም አውራው ነው። ይህን ስነግረው «እንግዲያው አንዴ ደህና አድርገሽ በካልቾ በይው፤ ማን እንደሆንሽ ያውቃል» ብሎ አሰናበተኝ።

ያ ምክር ዛሬም ያናድደኛል። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው። እንዳለኝ አደረግኩ። ገብስማው ወድቆ ተነሳና ተመልሶ መጣ። ደገምኩት፤ እሱም ደገመኝ። ከዚያ ወዲህ ምልክት መስጠቱንም ተወ። ገና በሩን ስከፍት ይንደረደርብኛል። ሁለት አውራ ዶሮዎች ሲጣሉ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመልሳል፣ አንዱ እስኪሸሽ ድረስ። ስመታው ተቀናቃኙ መሆኔን አረጋገጥኩለት። ስሸሽ ደግሞ አሸነፈኝ።

የከፋው ልጄ ላይ የደረሰው ነው። እንቁላል ልታመጣ ገብታ ከዓይኗ ሥር በጥፍሩ ቧጨራት። ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ ዓይኗ ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ቁስሉን አጠቡላት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዷንም አጣሩ። የዶሮ ጥፍር ኩስ የነካ ስለሆነ ወጋ ካደረጋችሁ ቤት ውስጥ ቅባት ቀብታችሁ አትተዉት።

ለውጥ ያመጣው የምክሩ ተቃራኒ ነው። መምታትም መሸሽም አቆምኩ። ክንፉን ሲጥል ወይም ሲንደረደርብኝ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ቢዘል ቦቴን ይምታ፤ አልመልስለትም። ሲበቃው በቀስታ ወደ እሱ እራመዳለሁ፤ መንገድ እስኪለቅልኝ አልቆምም። ረጅም ዘንግ እይዛለሁ፣ ግን በእኔና በእሱ መሃል ለማድረግ ብቻ ነው። ከእጄ ማብላቱን ጭራሽ ተውኩ። ጥሬውን በትኜ እሄዳለሁ፤ ቁቅ ቁቅ እያለ ሴቶቹን የሚጠራው እሱ ይሁን። እሱ እያየ ሴት ዶሮ አልይዝም። መያዝ ያለባት ካለች ማታ ከቆጥ አወርዳታለሁ፤ ዶሮ በጨለማ አጥርቶ ስለማያይ ዝም ይላል።

«አቅፈሽ ዙሪው፣ ይለምዳል» የሚሉኝ ነበሩ። እኔ አልመክርም። የገብስማው ችግር ከሰው ጋር ከልክ በላይ መላመዱ ነው።

ቶሎ አልሆነም፤ ሳምንታት ፈጅቷል። አሁን ግን ስገባ ዞር ብሎ ያሳልፈኛል። በዚህ በጣም እኮራለሁ። ቢሆንም ጀርባዬን አልሰጠውም፤ ልጄም እሱ ካልተዘጋበት በስተቀር ግቢው ውስጥ አትገባም። ቁመታቸው ለአውራው ዝላይ የሚደርስ ሕፃናት ያሉበትና ዶሮው የሚዘጋበት ቦታ የሌለው ቤት ግን መሞከር የለበትም። ይሽጡት።

ጠባይ በዘርም ይወረሳል። ስለዚህ ከገብስማው ልጆች መካከል በሰው ላይ ክንፉን መጣል የጀመረውን ለዘር አላስቀረውም፤ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይወጣል። ብቻውን የቀረ ጫጩት ካለም ቤት አላስገባም። እኩያ ጫጩት ያቀፈች እናት ፈልጌ ማታ ከክንፏ ሥር እሸጉጠዋለሁ።