ለጋ አትክልት በኦቨን ሲጠበስ

ድሮ በብዙ ቤት አትክልት ማለት ቅቅል ነበር። ኦቨንና ኤር ፍራየር (በሙቅ አየር የሚጠብስ ትንሽ መሣሪያ) እየተለመዱ ሲመጡ ግን ጥብሱ ቦታውን እየወሰደ ነው፤ ለጸደይ ለጋ አትክልት ደግሞ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ቅቅል ጣዕሙን ለውሃው ይሰጣል፤ ጥብስ ውሃውን አስወጥቶ ጣፋጭነቱን ያጎላል።

ኦቨኑን 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ቀድማችሁ አሙቁ፤ ባዶው ትሪም አብሮ ይጋል። ለ800 ግራም አትክልት 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቁት። አብዛኛው ጥብስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ እርጥበት እስካለ ድረስ የአትክልቱ ፊት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ቡናማ ለመሆን ግን ወደ 140 ዲግሪ መድረስ አለበት። ትሪው ላይ ከተደራረበም እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ ይልፈሰፈሳል። ካልበቃ በሁለት ትሪ ይሁን።

በግማሽ የተከፈለ ትንንሽ ድንችና ቀጭን ካሮት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የተቆረጠው ፊት ትሪውን ይንካ፣ እስኪቀላም አትነካኩት። አስፓራገስ (ቀጭን አረንጓዴ ግንዱ የሚበላ አትክልት) 10 ደቂቃ ያህል ስለሚበቃው መጨረሻ ላይ ይጨመር። ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ይግባ፤ ከተከተፈ ያርና ይመራል።

ሎሚ ከኦቨን ከወጣ በኋላ ብቻ! ቀድሞ ከገባ አረንጓዴው ይደበዝዛል። በኤር ፍራየር ከሆነ ሙቀቱን ወደ 200 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ፣ ቅርጫቱንም ከግማሽ በላይ አትሙሉት።