ከማይሸፍነው ጀምሪ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 24

ሌሊቱን ብርዱ አላስተኛኝም። የጥቅምት ብርድ ከጮቄ በኩል ሲመጣ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። እናቴ ጋቢ ደርባልኝ ተኛች። እኔ ስልኬን ይዤ ስለ ባንክ ሂሳብ ሳስብ ነጋ። ሐዘን ቤት ተቀምጦ ይህን ማሰብ ሊከብድ ይችላል። ለእኔ ግን ሁለቱ ተያይዘውብኛል።

እንግሊዝ አገር ያለኝ ሂሳብ በየወሩ የሚከፈልበት ጥቅል ሂሳብ ነው። ተራው ሂሳብ እዚያ በነፃ ይከፈታል። ጥቅሉ ግን ከነመድኑ ነው የሚመጣው፤ የጉዞ መድን፣ የስልክ መድን፣ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም የሚደርስ እርዳታ። እኔ በወር 18 ፓውንድ እከፍላለሁ። በዓመት 216 ማለት ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ወደ ሌላ ባንክ እንድዛወር ስትወተውተኝ ከርማለች። የእሷም ባንክ ጥቅል ነው፤ በወር 15 ፓውንድ። አዲስ ለሚገባ ሰው 150 ፓውንድ ይሰጣል። ውጭ አገር በካርድ ሲከፈልም ተጨማሪ አያስከፍልም። መዛወሩ ራሱ አያስፈራም። በፈረንጆቹ መስከረም 2013 የተጀመረ የመዛወሪያ አሠራር አለ፤ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ገንዘቡም፣ በየወሩ የሚቆረጠው ክፍያም ወደ አዲሱ ባንክ ይሄዳል። በስህተት በድሮው ቁጥር የተላከ ገንዘብ እንኳ ለ3 ዓመት እየተከተለ ይመጣል። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ነገሩ ያለቀ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስጦታው ሲቀነስ 30 ፓውንድ ብቻ ይቀራል።

እናቴን ለማስረዳት ሞከርኩ። «ለባንክ ከፋይዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። እሷ የምታውቀው ባንክ ወለድ ሲሰጥ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ሲያሳድግ አባቴ ደብተሩን አስሞልቶ መጥቶ እንዴት እንዳሳያት እስካሁን ታወራዋለች። «ታዲያ ምን ይሰጡሻል?» አለች። ጥያቄው ቀላል ነበር። አፌ ላይ ግን መልስ አልነበረም።

እውነቱን ልጻፍ። ያን ሂሳብ ያልተውኩት ለአባቴ ስል ነው። ከታመመ ጀምሮ አንድ ሌሊት ስልክ እንደሚደወል አውቅ ነበር። ሲደወል በዚያው ሌሊት ትኬት ቆርጬ እሄዳለሁ፤ መንገድ ላይ ብታመም፣ ሻንጣ ቢጠፋ፣ በረራ ቢሰረዝ ባንኩ አለ እል ነበር። 18 ፓውንዷ በተቆረጠች ቁጥር ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ የተጠበቀ ይመስለኝ ነበር። ስልኩ መስከረም 18 ተደወለ። በሁለተኛው ቀን ተነሣሁ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም።

ትናንት ከሰዓት አጎቴ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊም። ምን እንደማነብ ጠየቁኝ። የመድኑን ውል ነው አልኳቸው። «እስቲ ተርጉሚልኝ» አሉ። ከጥቅሙ ስጀምር አስቆሙኝ።

«ከማይሸፍነው ጀምሪ። እኛም ዕድሩን ስናቋቁም የተጨቃጨቅነው በእሱ ላይ ነው።»

ጀመርኩ። አንድ ጉዞ ከ31 ቀን መብለጥ የለበትም፤ የሚበልጥ ከሆነ አስቀድሞ ማራዘሚያ መክፈል ያስፈልጋል። እኔ የመጣሁት ለአርባው ነው። ተዝካሩ የፊታችን ጥቅምት 27 ነው። 31 ቀኔ ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። ማራዘሚያውን አልከፈልኩም፤ እንዳለም አላውቅም ነበር። የነበረ ሕመም አስቀድሞ ይመዝገብ ይላል። የደም ግፊቴን አስመዝግቤያለሁ፤ እሱ ደህና ነው። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ድምፄ ቀነሰ። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዳይጓዙበት ወደሚመክርበት ቦታ ከተሄደ መድኑ አይሠራም። ግጭቱ ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ምክሩ አማራ ክልልን ይጨምራል።

አጎቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ቤት አለበት?»

«አለበት» አልኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው ዕድር አወሩኝ። እሱም ደንብ አለው፤ መዋጮ ያስተጓጎለ ሰው ይቀጣል፣ ካልከፈለም ይሰረዛል። እናቴ ግን ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች። የትኛው ዘመድ ሲሞት ስንት ብር እንደሚሰጥ፣ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም፣ ብረት ድስቱ መቼ እንደሚመለስ። እኔ ለዓመታት የከፈልኩበትን ውል ያነበብኩት አባቴ ከተቀበረ በኋላ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ባንኩ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ሂሳቡን ስከፍት የት የት እንደምሄድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እዚያ አገር ከመጋቢት 2013 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ መድን ያለበትን ጥቅል የሚሸጥ ባንክ ደንበኛው በመድኑ መጠቀም ይችል እንደሆነ ማጣራት አለበት። በየዓመቱም ይህንኑ እንዲያይ መግለጫ ይልክለታል። መግለጫው ይመጣልኝ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ተቆልሎ አለ። እንደ እኔ እዚያ የምትኖሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ያን ፖስታ ክፈቱት። ሲሸጥላችሁ የተበደላችሁ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ለባንኩ ጻፉ። በ8 ሳምንት ውስጥ አጥጋቢ መልስ ካልሰጣችሁ ለፋይናንስ እንባ ጠባቂው በነፃ ማመልከት ይቻላል።

ዛሬ ጠዋት የጓደኛዬን ባንክ ውልም አወረድኩት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አንድ ሰዓት ፈጀ። በቀጥታ ወደማይሸፍነው ሄድኩ። የጉዞ ምክሩ አንቀጽ እዚያም አለ፤ ቃሉ ሳይቀር ይመሳሰላል። ደም ግፊቴን እንደ አዲስ ማስመዝገብ ይኖርብኛል፤ ዋጋ ይጨምርብኝ ይሆናል። በውጭ አገር ካርድ አያስከፍልም የተባለውም እዚህ ብዙ አይጠቅመኝም። ለተዝካሩ ጤፉንም፣ ጌሾውንም፣ በሬውንም የገዛነው በጥሬ ብር ነው።

ከዚያ የእኔን ኑሮ አየሁ። መኪናዬን ከሸጥኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ የመንገዱ እርዳታ ለማን ነው? ስልኬን አንድ ጊዜ አሠርቼበታለሁ፤ ያኔም 50 ፓውንድ ከኪሴ ከፍያለሁ። የምጓዘው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው። እናቴ ጋ።

ስለዚህ አልዛወርም። ከጥቅል ወደ ጥቅል መሄድ ያንኑ ክፍተት በ3 ፓውንድ ቅናሽ መግዛት ነው። እዚያው ባንክ ሆኜ ሂሳቤን ወደ ነፃው እቀይራለሁ። ቁጥሩም ካርዱም ባለበት ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ምክር ወዳለበት አካባቢ ለሚሄድ ሰው ለብቻው የጉዞ መድን የሚሸጡ አሉ። ዋጋቸው ወደድ ይላል። በዓመት አንድ ጊዜ ብመጣ ግን 216 ፓውንዱ ለእሱ መነሻ ይሆነኛል፤ ደግሞም የምሄድበትን ቦታ ስም ጽፌ የምገዛው መድን ነው።

ዛሬውኑ ልቀይረው ነበር፤ አጎቴ ቆይ አሉኝ። «በመንገድ ላይ ያለ ሰው ዕድሩን አይለቅም። ከደረስሽ በኋላ አድርጊው።» የ31 ቀኑ ጉዳይ እያለ ምን ያህል እንደሚረዳኝ ጥርጣሬ አለኝ፤ የስልኩ መድን ግን አሁንም ይሠራል። እሺ ብያለሁ። ህዳር 1 እበራለሁ፣ ህዳር 3 ለባንኩ እደውላለሁ።

አሁን እናቴ ጌሾ ልትወቅጥ ተነሥታለች። ሄጄ ሙቀጫውን ልቀበላት።