ኮንትሮሉ አለፈ፣ እኔ ወደቅኩ

የጨብጥ ባክቴሪያ ሞልቃቃ ነው። ሲበርደው ይሞታል፣ ሲደርቅ ይሞታል፣ ሲቆይ ደግሞ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ላብራቶሪ ውስጥ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የምፈትሸው እኔ ነኝና ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። ማወቄ ግን አላዳነኝም።

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። ናሙናው ፍሪጅ አይገባም። ናሙና የሚወሰድበት ስዋብ ጫፉ የጥጥ ባይሆን ይሻላል። ፕሌቱ፣ ባክቴሪያው የሚያድግበት ሳህን፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ኢንኩቤተር ከ20 እስከ 24 ሰዓት ያድራል፤ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ አይለፍ።

ጉዱ ያለው ሰስፔንሽኑ ላይ ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ የተበጠበጠው ባክቴሪያ ላይ። የአንድ ቀን ኮሎኒ (ፕሌት ላይ ያደገ የባክቴሪያ ክምር) ትበጠብጣለህ፣ ድፍርሱን 0.5 ማክፋርላንድ ከሚባለው የድፍርስነት መለኪያ ጋር ታስተካክላለህ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ፕሌቱ ላይ ትቀባለህ፣ መድኃኒት ያለበትን ዲስክ ታስቀምጥበታለህ። እኔ ጊዜ ልቆጥብ ብዬ የስምንት ታካሚ ባንዴ በጠበጥኩ። ኮንትሮሉን፣ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀውን መፈተሻ ባክቴሪያ፣ ቀድሜ ቀባሁ። ስልክ ተደወለ፣ አወራሁ። ዲስክ አለቀብኝ፣ ልፈልግ ወጣሁ። የመጨረሻውን ቱቦ ሳነሳ 40 ደቂቃ አልፏል።

በማግስቱ በየዲስኩ ዙሪያ ያለው ባዶ ክብ ሰፊ ነው። መድኃኒቱ ሠርቷላ! ደስ አለኝ። ሴፍትሪያክሰን በተባለው መድኃኒት ዙሪያ ያለው የኮንትሮሉ ክብ ከ39 እስከ 51 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ 44 ሆኖ ቁጭ ብሏል። የሥራ መመሪያችን ኮንትሮሉ ካለፈ መዝግብ ነው የሚለው። ልፈርም ስል አንዱን ፕሌት መብራት ላይ አየሁት። እንደ ምንጣፍ መሸፈን የነበረበት ባክቴሪያ እዚህም እዚያም ተበጣጥሷል። መድኃኒቱ አይደለም የገደለው። እኔ ጋ ወረፋ ሲጠብቅ ነው ያለቀው።

ሁሉንም ደገምኩ። ከስምንቱ አንዱ ሲፕሮ ለተባለው መድኃኒት 30 ሚሊ ሜትር ሰጥቶ ነበር፤ መሃል ሰፋሪ፣ ማለትም በደንብ የሚሸነፍም የተላመደም ያልሆነ፣ ተብሎ ሊያልፍ። በትኩሱ ስሠራው 24 ሆነ። 27 እና ከዚያ በታች ማለት መድኃኒቱን ተላምዷል ማለት ነው።

በራሴ ተናድጃለሁ፣ በመመሪያውም ጭምር። ኮንትሮሉ ትኩስ እያለ ስለተቀባ ማለፉ ምን ይገርማል? የእኔን መዘግየት የት አይቶት! ስለዚህ አሁን መጨረሻ የምቀባው እሱን ነው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ከሁለት ናሙና በላይ ባንዴ አልበጠብጥም፤ 15 ደቂቃውንም ለራሴ 5 አድርጌዋለሁ። ዲስክና ፕሌት ሳይቀርብ ኮሎኒ አልነካም። ስልኬም ከበር ውጭ ነው።

በየወረቀቱ ላይ የተበጠበጠበትንና የተቀባበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ከዚያ ቀን በፊት የፈረምኳቸው ላይ ግን ሰዓት የለም። አንዳንዴ ፋይሉን ከፍቼ እነዚያን ሰፋፊ ክቦች አያለሁ።